ያገለገለ ቪትዝ ወይም ያሪስ እንዴት ተመዝኖ ይገዛል

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የቤት መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ቶዮታ ቪትዝ ወይም ያሪስ ዘንድ ነው። መለዋወጫው መርካቶ ሶማሌ ተራ በየሱቁ ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክ የለም፣ ሲሸጥም ገዢ አያጣም። ይሁንና ይኸው ዝና ገዢውን ያዘናጋዋል፤ «ቪትዝ አይበላሽም» እየተባለ በቅጡ ሳይነዳ፣ አንዳንዴም ቆሞ ብቻ ታይቶ ይገዛል። በእኔ እምነት ይህን መኪና መመዘን የሚቻለው እርስዎ በየቀኑ በሚሄዱበት መንገድ ላይ፣ ሊጭኑት ያሰቡትን ሰው ሁሉ ጭነው ሲነዱት ብቻ ነው።

ከመንዳትዎ በፊት ግን የትኛው መኪና እንደ ቀረበልዎ በትክክል ይለዩ። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ፣ ያሪስ ደግሞ ለአውሮፓና ለሌሎች አገሮች የወጣ የአንድ መኪና ስም ነው። የመጀመሪያው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሁለተኛው በ2005፣ ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ ወጡ። ጃፓኖች የመንገዱን ግራ ይዘው ስለሚነዱ ቪትዝ ከፋብሪካ የሚወጣው መሪው በቀኝ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ በግራ መሪ የቀረበልዎ የጃፓን ቪትዝ መሪው ከጊዜ በኋላ የተዛወረ ነው ማለት ነው። ሥራው በጥንቃቄ ተሠርቶ ከሆነ ለብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ በግዴለሽነት ከተሠራ ግን ችግሩ ከመሪው ዘንግ፣ ከፍሬን ፔዳሉ ማያያዣና ከሽቦዎቹ ይጀምራል። ከኋላ የተለጠፈው ስም ተነቅሎ ሊለጠፍ ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም። የሻንሲ ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራው አጭርና መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለበት ሲሆን የአውሮፓው 17 ፊደልና አኃዝ አለው። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ የፊት መብራቱን ነው። ለጃፓን የተሠራ መብራት ብርሃኑን በግራ በኩል ከፍ አድርጎ ስለሚጥል በእኛ መንገድ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ማታ መኪናውን ከግድግዳ 5 ሜትር ያህል አርቀው ያቁሙና አጭሩን መብራት ያብሩ፤ ብርሃኑ ከፍ ማለት ያለበት በቀኝ በኩል ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ይመጣል፤ እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ትልቅ ቦታ አለው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። የ1 ሊትሩ ቪትዝ በወረቀት ላይ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛ የሚበልጠው ይቀነሳል፣ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ብቻዎን ሜዳ ላይ ሲነዱ ይህ አይሰማዎትም። ባለቤትዎን፣ ልጆችዎንና እናትዎን ይዘው ሽቅብ ሲወጡ ግን መኪናው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ በመደበኛነት አራት ሰው የሚጭን ቤተሰብ የ1.3 ሊትሩን ቢመርጥ እመክራለሁ፤ በነዳጅ የሚጨምረው ትንሽ ነው፣ በዳገት የሚሰጠው ፋታ ግን ብዙ ነው። በተጨማሪም የሁለተኛው ትውልድ የ1 ሊትር ሞተር ባለ ሦስት ሲሊንደር መሆኑን ይወቁ። ቆሞ ሲሠራ መጠነኛ መንቀጥቀጥ ተፈጥሮው ስለሆነ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ነው ብለው አይተዉት፤ ሻጩም የእውነተኛ ብልሽት መንቀጥቀጥን በዚህ ሰበብ እንዳይሸፍንብዎት ሌላ ተመሳሳይ መኪና አስነስተው ያወዳድሩ።

ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ ማስነሣት አለብዎት። እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን ስገዛ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ጠበቀኝ፤ እኔም በአክብሮት የተደረገልኝ መስሎኝ አመስግኜ ገዛሁ። በሳምንቱ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ጭስ ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ መኪና ለማየት ስሄድ በቅድሚያ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳርፋለሁ፤ ከሞቀ ሌላ ቀን እመለሳለሁ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቆም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። የዘይት መሙያው ክዳን ከውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ከያዘ ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ክፍል) ሳያስመረምሩ ዋጋ አይነጋገሩ።

ለሙከራ ጉዞው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠይቁ፤ ሁለት ወይም ሦስት ጎልማሶችም ይዘው ይሂዱ። የዚህ መኪና የኋላ እግር ባዶውን ሲሄድ ደረቅ ብሎ ስለሚያነጥር ትክክለኛ ጠባዩ የሚታወቀው ሰው ሲጫንበት ነው። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ እየነዱ ራዲዮውን አጥፍተው ያዳምጡ፤ ከፊት በኩል ደረቅ ኳኳታ ከሰሙ የአሞርዛተር ወይም የመገጣጠሚያዎች ማርጀት ነው። ሰፊ ቦታ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፈው ቀስ ብለው ይዙሩ፤ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከጎማው አካባቢ ከመጣ አክሰሉ መቀየር አለበት። ዳገት ላይ ባለ ማንዋሉን በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሰጥተው ይሞክሩት፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ሲገባ እንዳይመታና እንዳይዘገይ ልብ ይበሉ። የሚቻልዎት ከሆነ የአዲስ አበባ–አዳማን የክፍያ መንገድ ይያዙ፤ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ላይ መሪው ከተንቀጠቀጠ የጎማ ባላንስ፣ ወይም የቸርኬ መጣመም ሊሆን ይችላል። ከአደጋ የተረፈ መኪና መሪውን ላላ ሲያደርጉለት ወደ አንድ ጎን መሳብ ይወዳልና ይህንንም ቀጥ ባለውና ባዶ በሆነው መንገድ ላይ፣ እጅዎን ከመሪው ሳያርቁ ይፈትሹ።

ከመገልገያዎቹ መካከል ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ደኅንነት ነው። ቁልፉ ሲዞር የኤርባግና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራቶች በርተው ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባቸው፤ ጨርሶ ካልበሩ ኤርባጉ በአደጋ ፈንድቶ ሳይተካ አምፖሉ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ስክሪን፣ የወንበር ልብስና አዲስ ቸርኬ በማንኛውም ጊዜ የሚገዙ ስለሆኑ ዋጋ አይጨመርባቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች የፍጥነት ማሳያው በዳሽቦርዱ መሃል መሆኑ ግን ሊለወጥ የማይችል ነገር ነውና ለዓይንዎ መስማማቱን ነድተው ይወስኑ። ጎማው ላይ የታተሙትን የመጨረሻ አራት አኃዞችም ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው።

ዋጋውን በተመለከተ የነዳጁን ልዩነት በስሌት ይዩት። በቀን 40 ኪሎሜትር፣ በወር 26 ቀን የሚነዳ ሰው 1,040 ኪሎሜትር ይሄዳል። በሊትር 12 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና 87 ሊትር፣ 15 የሚሄደው ደግሞ 69 ሊትር ያህል ይፈጃል። የ17 ወይም የ18 ሊትሩን ልዩነት በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዝተው ሁለቱ መኪኖች በመሸጫ ዋጋ ከሚለያዩበት ጋር ያነጻጽሩ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑም በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ አዲስ የቤንዚን መኪና መግባቱ ሲቆም እዚህ ያለው ያገለገለ መኪና ዋጋውን ይዞ የመቆየት ዕድሉ ይሰፋል። ግቢዎ ውስጥ የራስዎ ቆጣሪ ካለና ጉዞዎ ከከተማ የማይወጣ ከሆነ ግን ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪናም ጎን ለጎን ነድተው ይዩ፤ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም።

ሁሉም ከተስማማዎት በኋላ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ራስዎ ያመሳክሩ፤ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበትም ከመዘገበው የትራንስፖርት ቢሮ ያረጋግጡ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ያልተሻረና መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑ ሳይጣራ፣ ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ሳይፈረም ሙሉውን ገንዘብ አይክፈሉ።