ሰላም ፍለጋ ሱባኤ የሚገቡ ሰዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ነሐሴ 1 ቀን ከመድረሱ በፊት ባለው ሳምንት በደብራችን ቅጥር ግቢ ያሉት መቃብር ቤቶች ይጠረጋሉ፣ ሰሌን ይነጠፋል፣ የውኃ ጀሪካን ይደረደራል። ላለፉት 12 ዓመታት በፍልሰታ ሰሞን ለሱባኤ የሚመጡ ምእመናንን ስቀበልና ሳስተናግድ ቆይቻለሁ፤ በቀረው ጊዜ የምተዳደረው በነርስነት ሙያ ነው። ከሚመጡት መካከል ስእለት ያለበት፣ ልጅ የሚለምን፣ ስለ ጉዞው የሚጨነቅ አለ። ብዙዎቹ ግን ምን ፈልገው እንደመጡ ሲጠየቁ «ውስጤ ሰላም አጣ» ብለው ዝም ይላሉ። እኔም መጀመሪያ የገባሁት በዚሁ ምክንያት ስለነበር ለእነዚህ ሰዎች ልቤ ይራራል። የቤተ ክርስቲያናችን መግቢያ ደጀ ሰላም ይባላል፤ ሰላም ፈላጊው ሰው ግን እዚያ ደጅ ላይ ሲደርስ ሰውነቱን፣ መድኃኒቱን፣ የተጣላውን ወንድሙን ከውጭ ትቶ፣ ነፍሱን ብቻ ይዞ የሚገባ ይመስለዋል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ አሳብ የሚወለዱ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን የመናኝን ሸክም መሸከም

የመጀመሪያ ሱባኤዬን ስገባ በቀን 300 ስግደት ልሰግድ፣ መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ ከዳር እስከ ዳር ልደግም፣ ማታ ማታ ብቻ ጥሬ ቆርጥሜ ልውል ወስኜ ነበር። ይህን ያዘዘኝ የንስሐ አባት አልነበረም፤ ራሴ ለራሴ ያወጣሁት ቀኖና ነበር። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ አብጦ መቆም አቃተኝ፤ በአራተኛው ቀን ሰው ሳያየኝ ዕቃዬን ሸክፌ ወጣሁ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ወራት እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብኝ እየመሰለኝ ጸሎት ፈራሁ። ሰላም ፍለጋ የሄድሁት ሰው ከሄድሁበት የባሰ ጭንቀት ይዤ ተመለስሁ።

አባቶች የሠሩትን ሥርዓት በቅርብ ያየ ሰው ለሰው አቅም ምን ያህል እንደታሰበ ያስተውላል። ዳዊት የተከፋፈለው ለሳምንቱ ቀናት ነው፤ ሰኞ የሚደገመው ከ1 እስከ 30 ያለው ብቻ ነው። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል። በእሑድ አይሰገድም፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ጾምም ስግደትም የለም። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ንዋም መባሉም ሊታሰብበት ይገባል፤ የመኝታ ጸሎት የታዘዘለት ሰው እንዲተኛ ይጠበቃል ማለት ነው። ሌሊቱን ሁሉ ቆመው ካላደሩ ሱባኤያቸው የማይቆጠር የሚመስላቸው ሰዎች ይህንን ቢያስቡልኝ እወዳለሁ።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ በቅድሚያ አልገሠጸውም፤ አላስተማረውምም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ኤልያስ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ተዳክሞ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ተጣልቶ የመጣን ሰው በመጀመሪያው ሌሊት «ተኛ» ብዬ ስመልሰው ቅር አይበለው። ስንት ስግደት፣ ስንት ሰዓት ጾም እንደሚችል የሚወስንለት ደግሞ የሚያውቀው የንስሐ አባቱ እንጂ ባለፈው ዓመት ከአጠገቡ ያደረው ብርቱ ሰው አይደለም።

ቡናን በአንድ ቀን ማቆም

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም በየዓመቱ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን በነጠላ ጠፍንገው አስረው የሚያቃስቱ ሰዎች ያጋጥሙኛል። አንዲት እናት «ያለብኝ ነገር ታወከ» ብለው ሲያለቅሱ አግኝቻቸዋለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ይጠጡ የነበሩ ሴት በአንድ ጀንበር ሲያቆሙ ራስ ምታቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንት ያህል ይቆያል፤ መበሳጨትና ድካምም ይከተላል። መንፈስ ሳይሆን ሰውነት የለመደውን ሲያጣ የሚያሳየው ነገር ነው። በረመዳን የመጨረሻ 10 ቀናት ኢዕቲካፍ የሚገባ፣ ማለትም ለአምልኮ ተለይቶ በመስጊድ የሚቆይ፣ ሙስሊም የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ እርሱም የሚጾሙ ዘመዶቹ በጾሙ የመጀመሪያ ቀናት በዚሁ እንደሚቸገሩ አጫውቶኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ሦስቱን ስኒ ወደ ሁለት፣ ሁለቱን ወደ አንድ እየቀነሱ መምጣት።

መድኃኒትን ደጅ ላይ መጣል

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር እመጣለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ ዕድሜው በሃያዎቹ መጀመሪያ የሚገመት፣ ትሑት፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። ሰላም እንደራቀው፣ እንቅልፍ እንደሚያጣ ነገሩኝ። ሰሌን ሰጠኋቸው፤ ጀሪካን አሳየኋቸው፤ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ነርስ ሆኜ ሳለ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ይህን ለመናገር ዛሬም ይከብደኛል። በአሥረኛው ሌሊት ልጁ ከመቃብር ቤቱ ወጥቶ እየጮኸ ራሱን ከግንብ ጋር ሲያጋጭ አራት ሰዎች ያዙት። ያኔ እናቱ በመጡበት ቀን ማለዳ የልጃቸውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት «ጠበሉ ይበቃዋል» ብለው መጣላቸውን ነገሩኝ። ወደ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተሻለው። እናቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከመድኃኒቱ ጋር መምጣት እምነት ማጉደል እንደሆነ የነገራቸው ሰው ነበር።

ይህን የሚያስተምሩ ሰዎች ከየት እንዳገኙት ሊጠየቁ ይገባል። በምን መጽሐፍ? በየትኛው ሊቅ? መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ልብ ያለው ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ወንጌላዊውን የሚጠራው «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ» ብሎ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት በእንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን አንወስድም ባሉ ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ በግልጽ ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዓመት አልፎ ዛሬም ክኒን በየደጁ ተጥሎ ማየት ያንገበግባል።

በሙያዬ የማውቀውን ልጨምር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል፣ እርሱም ሊገድል ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት ያቆመ ሰው ምንም ሳይሰማው ሊወድቅ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን እየወሰደ እስከ 9 ሰዓት ቢጾም ስኳሩ አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ፣ ኢንሱሊኑን ቢተው ደግሞ ከመጠን በላይ ሊወጣ ይችላል፤ በሁለቱም መንገድ አደጋ አለ። የድብርት መድኃኒትም ቢሆን የሚቆመው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ሐኪምዎን «በዚህ ጊዜ ልጾም ነው፤ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ልውሰድ?» ብለው ይጠይቁ፤ የተባሉትንም ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ለታመመ ሰው ጾምን የሚያቀልሉ አባቶች ሥርዓት አፈረሱ አይባሉም፤ ሥርዓቱ ራሱ ለሕሙማን ይራራልና።

ሞትን የሚያስመኝ አሳብ በሱባኤ መካከል ቢመጣብዎ ደግሞ በልብዎ ይዘው አያድሩ። ኤልያስም እንዲህ ብሎ ጸልዮአልና አሳቡ ስለመጣብዎ ብቻ የተረገሙ አይደሉም። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከአጠገብዎ ያለውን ሰው ቀስቅሰው ይንገሩ።

የተጣሉትን ሰው ቤት ትቶ መምጣት

ከወንድማቸው ጋር በውርስ ቤት ምክንያት ለዓመታት የማይነጋገሩ አንድ አባወራ ነበሩ። ጸሎት በጀመሩ ቁጥር የወንድማቸው ፊት እየመጣ ያስቸግራቸው ስለነበር «ፈተና በዛብኝ» ብለው በዕድሜ ለገፉ አንድ አባት ነገሯቸው። አባም ረጋ ብለው አዳምጠው «ይህስ ፈተና አይደለም፤ መልስ ነው» አሏቸውና በአራተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሰደዷቸው። ወንጌል መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላልና፤ መባ ይዞ የመጣው ሰው ይመለስ ከተባለ፣ ሱባኤተኛውም ይመለሳል። ሰውየው ሄዱ፤ ወንድማቸው በር አልከፈቱላቸውም። በማግሥቱ ሽማግሌ ይዘው ሄዱ፤ በሩ ተከፈተ፤ የቤቱ ጉዳይ ግን አላለቀም። ተመልሰው የቀሩትን ቀናት ሲጸልዩ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ዕዳ ያለበት ሰው፣ የሠራተኛ ደመወዝ የያዘ ሰው፣ እናቱን ሳይጠይቅ ወር ያለፈው ሰው ይህን ቢያስብበት ከብዙ ስግደት ይጠቅመዋል።

በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ ማቋረጥ

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀት ይበርዳል። እንባው ይደርቃል፤ ጸሎቱ የአፍ ብቻ ይሆናል፤ ሰዓቱ አይሄድም፤ ሰውየው ፀሐዩን ደጋግሞ ያያል፤ ቤት ውስጥ የተወው ሥራ ሁሉ ዛሬውኑ ካልተሠራ የሚበላሽ ይመስለዋል። ይህን ሲያይ «ሰላም አላገኘሁም፤ አልተሰማሁም» ብሎ ይደመድማል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪየስ ይህንኑ ጠባይ በዝርዝር ጽፎታል፤ መነኩሴው በቀትር በዓቱን እንዲጠላ፣ ፀሐይ የቆመች እንዲመስለው፣ ሌላ ቦታ የተሻለ እንደሆነ እንዲያስብ የሚያደርገውን ታካችነት፣ ዳዊት «የቀትር ጋኔን» ካለው ጋር አገናኝቶታል። እንግዲህ በበረሃ የኖሩት እንኳ ያዩትን ነገር የመርካቶ ነጋዴና የባንክ ሠራተኛ በአምስተኛው ቀን ቢያዩት የሚያስደንቅ አይደለም።

ለዚህ ሰዓት የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ውሳኔ አይወስኑ። ተነሥተው ግቢውን ይጥረጉ፤ ለአረጋውያን ውኃ ይቅዱ፤ አንዲት መዝሙር ድምፅ አውጥተው ይድገሙ፤ ቅዳሴው እስኪገባ ይቆዩ። ማታ ላይም መሄድ ከፈለጉ ማንም አይከለክልዎትም። በ12 ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለው ከቆዩት ሰዎች ማታ የሄዱት ጥቂቶች ናቸው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሌላው ስህተት ምልክት መጠበቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ያዩትን ሕልም እየተራረኩ የሚፈቱ ሰዎች አጠገብ አይቀመጡ። ለኤልያስም በኮሬብ እግዚአብሔር በነፋሱ፣ በመናወጡ፣ በእሳቱ ውስጥ አልነበረም።

ሳያምኑ ያመኑ መምሰል

አያቱን ሊያደርስ መጥቶ አብሮ የቀረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሰው ሲሰግድ ይሰግዳል፣ ሰው ሲያለቅስ ፊቱን በነጠላ ይሸፍናል። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ መጥቶ «እኔ እግዚአብሔር መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስሰግድ የምዋሽ ይመስለኛል» አለኝ። ይህ ልጅ ከብዙዎቻችን ይልቅ ለእውነት ቀርቦ ነበር። መስገዱን እንዲተው፣ በዝምታ እንዲቀመጥ፣ ከፈለገም ውኃ በማመላለስ እንዲያግዘን ነገርሁት። እስከ ነሐሴ 15 ድረስ ጀሪካን ሲሸከም ቆየ። ስለ እምነቱ ዳግመኛ አልጠየቅሁትም፤ ሲሄድ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብዙ ቀናት ያለ ፍርሃት መተኛቱን ነገረኝ። በልማድ ያገኙትን ሃይማኖት ለሚጠራጠሩ ወጣቶች የምለው ይህንኑ ነው፤ ጥርጣሬያችሁን ደጅ ላይ አትተዉት፤ ይዛችሁት ግቡ።

በአጭሩ የምጠቅሳቸው

ስልክ ይዞ መግባት የሚያስከትለውን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለቤተሰብ አንድ የመገናኛ ሰዓት መወሰን ይበቃል። የአንዱ አባት ምክር ሲከብድ ወደ ሌላ፣ የእርሱም ሲከብድ ወደ ሦስተኛ መሄድ ሰውን ያለ መካሪ ያስቀራል።

ሱባኤው ከተፈታ በኋላ

ነሐሴ 16 ቀን ጠዋት ሁሉም ደስ ብሎት ይወጣል፤ ማታ ሆድ ሕመም ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድም አለ፤ ለሁለት ሳምንት ያረፈ ሆድ ዶሮ ወጥና ጥሬ ሥጋ በአንድ ቀን አይችልም። ከዚህ የሚከብደው ግን ያገኙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣል ነው። በሱባኤ የነበረውን ሰባቱን የጸሎት ጊዜ በሥራ ዓለም ሊይዙት የሚሞክሩ ሰዎች እስከ ጳጉሜን እንኳ አይደርሱም። ከሰባቱ አንዱን ይምረጡ፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀለው ነግህ ነው፤ ከአልጋ ሲነሡ፣ ስልክ ሳይከፍቱ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግመው መውጣት ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። በመስከረም ወደ ንስሐ አባትዎ ሄደው እንዴት እንደሆነልዎት ይንገሯቸው።

እኔም ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሰሌን ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ? የመጨረሻ ጊዜ በደንብ የተኙት መቼ ነው? እዚህ መሆንዎን የሚያውቅ ሰው ማን ነው? ባለፈው ዓመት የመጡት እናት ዘንድሮም ከልጃቸው ጋር ለመምጣት አስበዋል፤ መድኃኒቱን የሚያኖሩበት ንጹሕ ሣጥን አዘጋጅቼላቸዋለሁ።