ስለ ሰው ንግድ ልናስተምር ስንወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ከሐዋሳ ተማሪዎችን ይዤ ወደ ሀዲያና ከምባታ ገጠር እወጣለሁ። ሰባት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሚኒባሱ ገና ሻሸመኔ ሳይደርስ ልጆቹ እዚያ ምን እንደሚሉ ሲያወሩ እሰማለሁ። ልጆቹ በየዓመቱ ይቀየራሉ፤ ስህተቱ ግን ያው ነው። የዘንድሮዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ያንብቡት ብዬ ነው የጻፍኩት።

የመጀመሪያው «ወደ ውጭ አገር አትሂዱ» ማለት ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ብር የተሠራ ቤት አለ። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ የመንደሩ ተማሪ በየቀኑ በደጁ ያልፋል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ «ያንን ቤት እዚህ ሆኜ በስንት ዓመት እሠራዋለሁ?» ሲል ጠየቀን። ማናችንም መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ጥያቄዎችን ይዘን መሄድ ጀመርን። ዕድሜሽ 18 ሞልቷል? የሥራ ውሉን አይተሽዋል? ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጽድቆታል? የምትሄጂበት አገር ከኢትዮጵያ ጋር የሥራ ስምምነት አለው? የቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ወጪ በሕግ የአሠሪው ነው። «ለትኬት ይህን ያህል አምጪ» የሚል ሰው ሲመጣ ልጅቷ ይህን ማወቋ ከመቶ «አትሂጂ» ይሻላታል።

የሬሳ ፎቶ ማሳየት። እባካችሁ ተዉት። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ 64 ወገኖቻችን ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ለከተማ ልጅ ይህ ዜና ነው። እዚያ መንደር ግን ልጇ ሞያሌን አልፎ ድምፁ የጠፋባት እናት ፊት ለፊታችሁ ተቀምጣለች። አንዴ ከእኔ ተማሪዎች አንዱ ፎቶውን ከስልኩ ሲያሳይ አንዲት እናት ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ፊቶቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ልጃቸውን እየፈለጉ ነበር።

በሰው መነገድንና ድንበር ማሻገርን አንድ አድርጎ ማውራትም አለ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። ሰው የተወሰደው ለብዝበዛ ከሆነ ድንበር ሳይሻገርም በሰው መነገድ ነው። «አስተምረዋለሁ» ተብሎ ከገጠር መጥቶ ሐዋሳ ውስጥ ያለ ደሞዝ ሌት ተቀን የሚሠራውን ልጅ አስቡት። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ «ፈቅዶ ነው የመጣው» የሚባል ነገር አይሠራም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ከስደት የተመለሰችን ልጅ ሰው ፊት አቁሞ «ታሪክሽን ንገሪን» ማለት።

ይህን እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ እንዳለች ነገሩኝ። ቤቷ ድረስ ሄጄ «ለእህቶችሽ ብትነግሪያቸው ምን አለበት?» አልኳት። እሺ አለች። ከከተማ እንግዳ መጥቶ፣ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እንዴት እምቢ ትበል? በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ሰልፍ ፊት ማይክ ሰጠኋት። ስለ ጉዞው ጥሩ አድርጋ ተናገረች። ትሠራበት ስለነበረው ቤት ጌታ ስትጀምር ግን ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። ከኋላ ወንዶቹ ሳቁ። ከእኔ ተማሪዎች አንዱ በስልኩ እየቀረጸ ነበር፤ ማታ ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ወጣ።

በዓመቱ ስመለስ እናቷን ቡና ላይ አገኘኋቸው። ሲኒውን እየሰጡኝ «አንዴ እዚያ፣ አንዴ እዚህ አዋረዳችኋት» አሉኝ። ልጅቷ ተመልሳ ሄዳለች። ከማን ጋር እንደሄደች እናቷም አያውቁም።

ስለዚህ ከእኔ ጋር የሚወጣ ሰው ማይክ አይሰጥም፣ ፎቶ አያነሳም፣ አይቀርጽም። ፊቷን ብትሸፍኑላትም መንደሩ በድምፅዋ ያውቃታል። ራሷ ልታወራ ከፈለገች አንዲት ሴት ብቻዋን ትቀመጥና ትስማት። «ምን አደረጉሽ?» ተብሎ አይጠየቅም። ለሪፖርት ፎቶ ያስፈልጋል የሚለኝ አለ። ተራራውን አንሳ፣ ሚኒባሱን አንሳ። እሷን ግን ተዋት።

ደላላን እንደ ጭራቅ መሳልም አይጠቅምም። ብዙ ጊዜ ደላላው አክስት ነው፣ ጎረቤት ነው፣ አብሮ እድር የሚከፍል ሰው ነው። እናንተ «ሕገወጥ ደላላ» እያላችሁ ስትጮሁ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊያጨበጭብ ይችላል። ልጆቹ ጭራቅ ሲጠብቁ የሚያውቁት ሰው ይወስዳቸዋል። «የምታምኑት ሰው ሲጠይቃችሁስ?» ብላችሁ ጀምሩ።

ደላላ አገኘን ብላችሁ ደግሞ እንዳትጋፈጡት። ሐዋሳ መናኸሪያ ውስጥ ፌስታል የያዙ አራት ልጆች አንድ ሰው ተከትለው ሲሄዱ፣ የሁሉንም መታወቂያ ሰውዬው ሲይዝ ብታዩ ለፖሊስ ንገሩ። አንዴ የእንዲህ ያለውን ሰውዬ እጅ የያዘ ተማሪ ነበረኝ። ሰውዬው አመለጠ፤ ልጆቹን ግን ያገኛቸው የለም።

በእርሻ ቀን ሰው አትሰብስቡ፤ በገበያ ቀን ሂዱ። ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ የሚችል ልጅ ሳትይዙም አትውጡ።

የመጨረሻው፣ አስተምሮ፣ ቲሸርት አድሎ፣ የሚከታተል ሰው ሳይተክሉ መመለስ ነው። እኛ ሦስት ቀን ነን። ልጅ መጥፋቱን ቀድሞ የሚያውቀው ስም የሚጠራው የክፍል ኃላፊ መምህር ነው። ስለዚህ አንዱን ሙሉ ቀን ለመምህራኑ ስጡ። ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ቤቱ እንዲኬድ፣ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና የፖሊስ ስልክ ስታፍ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ተስማሙ። የአንዱን መምህር ስልክም ያዙ። እኔ መስከረም ላይ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት እደውላለሁ። የምጠይቀውም «ስም ስትጠሩ ያልመለሰ ማን አለ?» ብዬ ነው።