ሲ ድራይቭ ሲቀላ፦ የአፕዴት ትርፍራፊን ኮምፒውተሩን ሳይጎዱ ማስወገድ

ይህን የጻፍኩት ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጎ፣ ፊልሙንና የሠርግ ቪዲዮውን ወደ ዲ ድራይቭ አዛውሮ፣ ሲ ድራይቩ ግን አሁንም ሞልቶ ቀይ ለሆነበት ሰው ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ ወደ 11 የሚሻገረው ሰው በዝቷል፤ "ዲስኬ ሞላ" ብሎ የሚመጣውም አብሮ በዝቷል። እኔ ጋ ከሚመጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ከድሮው ሃርድ ዲስክ የፈጠነው የዲስክ ዓይነት) ያላቸው ናቸው። እሱንም ዊንዶውስ ሲቆጥረው 119 ብሎ ነው የሚያሳየው። ከዚህ ላይ 20 እና 30 ጊጋባይት ባንዴ ሲሄድ ማንም ያስተውለዋል።

ምልክት፦ ዊንዶውስ ከተቀየረ ወይም ትልቅ አፕዴት ከገባ በኋላ ሲ ድራይቭ ባንዴ ሞላ

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ሲ ድራይቭ ላይ "ዊንዶውስ ዶት ኦልድ" የሚባል ፎልደር ተቀምጧል። አዲሱ ዊንዶውስ ሲገባ አሮጌውን አይጥለውም፤ ሲስተሙን፣ ፕሮግራሞቹንና የተጠቃሚውን ፎልደር ሰብስቦ እዚያ ያስቀምጠዋል። ለ10 ቀን ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ ካልቸገራችሁ 10 ቀኑን ጠብቁ። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ በደንብ እንደሚሠራ የምታዩት በእነዚህ ቀናት ነው። አንዱ እምቢ ካለ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ገብታችሁ "ጎ ባክ" ትላላችሁ። ፎልደሩን ካጠፋችሁት ግን ያ መመለሻ የለም።

አሁን ዋናው ነገር። ይህን ፎልደር ከመንካታችሁ በፊት ዊንዶውሱ እንዴት እንደተጫነ እወቁ። መንገዱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ያንኑ ፎልደር ይፈጥራሉ፤ ውስጡ ያለው ነገር ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

አንደኛው፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ በላዩ ላይ ከ10 ወደ 11 የተሻሻለ ነው። ዴስክቶፑ እንዳለ አለ፣ ፕሮግራሞቹ አሉ፣ ፎቶዎቹ አሉ። እዚህ ላይ ዶክመንቶቻችሁ ወደ አዲሱ ተሻግረዋል፤ አሮጌው ውስጥ የቀረው በአብዛኛው ትርፍራፊ ነው።

ሁለተኛው፣ ባለሙያ ተብዬው በፍላሽ አስነስቶ፣ ዲስኩን ፎርማት ሳያደርግ፣ "ኔክስት፣ ኔክስት" እያለ የጫነው ነው። ዴስክቶፑ ባዶ ነው፣ ፕሮግራም የለም፣ ባለቤቱ "ሁሉም ጠፋብኝ" ብሎ ተስፋ ቆርጧል። አልጠፋም። ዶክመንቱ በሙሉ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ ውስጥ፣ "ዩዘርስ" ሥር፣ በድሮው ስሙ ተቀምጧል። ብዙ ጊዜም ያለው ብቸኛ ቅጂ እሱ ነው። ሰውየው ይህን ሳያውቅ "ሲ ድራይቭ ሞላ፣ አጽዳልኝ" ይላል፤ አጽጂውም ሳያይ ያጸዳል። ባይጸዳም እንኳ የ10 ቀኑ ቀጠሮ እየሮጠ ነው።

በጣም የማየው ይሄንን ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያ ውስጥ የነበረ ተማሪ፣ የድርጅቷ የፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም ነው) ዳታ በፕሮግራም ፋይልስ ሥር ተቀምጦ ከፕሮግራሙ ጋር ወደ አሮጌው የተጠቀለለባት የሂሳብ ሠራተኛ። ሁለቱም ከመጽዳቱ በፊት ስለመጡ ተርፎላቸዋል። ከጸዳ በኋላ የሚመጣውን ግን ምን ልበለው? በድሮው ሃርድ ዲስክ ዘመን በማስመለሻ ፕሮግራም የሆነ ነገር ይለቀም ነበር። ኤስኤስዲ ላይ ፋይል ሲጠፋ ዊንዶውስ "ትሪም" የሚባል ትእዛዝ ለዲስኩ ይልካል፤ ዲስኩም ቦታውን በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ "አስመልስላችኋለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚቀበላችሁ ሰው ተስፋ ነው የሚሸጥላችሁ።

አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው እናት ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ከሌላ ቦታ ዊንዶውስ አስጭነው ነው።

"ልጄ፣ ደብዳቤዎቼ አሉ፤ ግን አማርኛው ሁሉ ጉድ ሆኗል፤ የማን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ።"

"እትዬ፣ በምን ነበር የሚጽፉት?"

"በቪዥዋል ግዕዝ ነዋ! ድሮ የለመድኩትን።"

የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ፣ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ደብዳቤው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ነው የሚወጣው። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ደግሞ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ ውስጥ፣ "ዊንዶውስ" ሥር፣ "ፎንትስ" ውስጥ ቁጭ ብሏል። ኮፒ አድርጎ መጫን ብቻ ነው። የዓመታት የማመልከቻና የውል ቅጾቻቸው ወደ አማርኛ ተመለሱ። ያ ፎልደር ቀድሞ ጸድቶ ቢሆን ሲዲውን ፍለጋ አገር ሊዞሩ ነበር።

መፍትሄ፣ በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ዊንዶውስ ዶት ኦልድን ክፈቱ፤ "ዩዘርስ" ውስጥ በድሮው ስማችሁ ግቡ። "ፈቃድ የለህም" የሚል መልእክት ሲመጣ "ኮንቲኒው" በሉት፣ ይከፍታል። ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስን፣ ፒክቸርስንና ዳውንሎድስን እዩ። ዳውንሎድስ ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" የሚል ፎልደር አለ፤ በቴሌግራም የተላከላችሁና ያወረዳችሁት ሁሉ እዚያ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። የአውትሉክ ፋይል ካላችሁ እሱንም ፈልጉ። የክሮም ቡክማርክ የተደበቀው "አፕዳታ" ውስጥ ስላለ ይወጣል፤ ፓስዎርዱ ግን ከድሮው አካውንት ጋር ስለተቆለፈ ኮፒ በማድረግ አይገኝም። ፎንቶቹን አትርሱ። የሂሳብ ፕሮግራም ከነበራችሁ ሁለቱንም የፕሮግራም ፋይልስ ፎልደሮች እዩ።

ያገኛችሁትን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያም ከተገለበጡት ጥቂቶቹን፣ በተለይ መጨረሻ ላይ የተገለበጡትን፣ ከፍታችሁ እዩ። ስሙ መታየቱ ብቻ ምንም ማለት አይደለም። ገበያው ላይ "2 ቴራባይት" ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን የሚኒ ካርድ ያህል ቦታ ያለው ፍላሽ ሞልቷል፤ የፋይሉን ስም ይይዛል፣ ይዘቱን ይበላል። ይህን ዕቃ እያወቀ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለኝም።

አሁን ማጥፋት ይቻላል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ "ቴምፖራሪ ፋይልስ"። ቆጥሮ እስኪጨርስ ጠብቁ። "ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን" የሚለውን ምልክት አድርጉ። "ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ"፣ "ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ፋይልስ" እና "ቴምፖራሪ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን ፋይልስ" ካሉ እነሱንም ጨምሩ። ከዚያ "ሪሙቭ ፋይልስ"።

ቆይ! እዚያው ዝርዝር ውስጥ "ዳውንሎድስ" የሚል አለ። እሱ የአፕዴት ትርፍራፊ አይደለም፤ የራሳችሁ ዳውንሎድ ፎልደር ነው። ሁሉንም ምልክት አድርጎ ማጥፋት የለመደ እጅ የማስተርስ ሰነዱንም፣ የቪዛ ቅጹንም አብሮ ይጠርጋል፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥም አታገኙትም። በየመሥመሩ ያለውን አንብቡ። ደግሜ እላለሁ፣ አንብቡ።

ፎልደሩን በእጅ፣ በሺፍት ዲሊት ለማጥፋት አትሞክሩ። "ፈቃድ የለህም" ይላችኋል፤ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን "ባለቤትነት መውሰጃ" ትእዛዝ ትሰጣላችሁ፤ ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹ ይቀራል። ይባስ ብሎ ውስጡ አሁን ወደሚሠራው ዊንዶውስ ፎልደሮች የሚጠቁሙ ማገናኛዎች አሉ፤ የምትቀይሩት ፈቃድ በእነሱ በኩል ወደ ሕያው ሲስተም ሊሻገር ይችላል።

ሃርድ ዲስክ ላይ ማጽዳቱ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ እየሠራ ነው፤ አትንኩት። ሥራው ከሪስታርት በኋላም ሊቀጥል ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ፣ መብራት ሲመጣና ሲሄድ በሚውልበት ቀን ይህን ሥራ አትጀምሩ። በማጽዳቱ መሃል መብራት ሄዶበት፣ ዊንዶውሱ አልነሳ ብሎ የመጣ ላፕቶፕ ብዙ አይቻለሁ። የሁሉም ባለቤቶች ባትሪው መሞቱን ያውቁ ነበር።

ምልክት፦ አፕዴቱ እየወረደ ይከሽፋል፣ እንደገና ይወርዳል፣ ሲ ድራይቭም ቀስ እያለ ይሞላል

በሞባይል ፓኬጅ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ችግር ነው። ፓኬጁ መሃል ላይ ያልቃል፣ የወረደው ይበላሻል፣ ዊንዶውስ ግን በዚያው ላይ ይታገላል። የሚከማቸው "ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን" በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለው "ዳውንሎድ" ነው፤ እሱም ዊንዶውስ ፎልደር ሥር ይገኛል።

አፕዴቱ ሪስታርት እየጠበቀ ከሆነ መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉ። ከዚያ "ሰርቪስስ" ውስጥ ገብታችሁ "ዊንዶውስ አፕዴት"ን እና "ባክግራውንድ ኢንተለጀንት ትራንስፈር ሰርቪስ"ን አቁሙ። የ"ዳውንሎድ" ፎልደሩን ሳይሆን ውስጡ ያለውን አጥፉ፤ ሰርቪሶቹን መልሳችሁ አስነሱ። "ፋይሉ ሥራ ላይ ነው" ካለ ሰርቪሱ በራሱ ተነስቷል ማለት ነው፤ እንደገና አቁማችሁ ቶሎ በሉ። አጠገቡ ያለውን "ዳታስቶር" ተዉት፤ ካጠፋችሁት የአፕዴት ታሪኩ ይሰረዛል።

የሚያስፈልገው አፕዴት እንደገና እንደሚወርድ አትርሱ። ስለዚህ ፓኬጅ ሊያልቅ ሲል አይደለም የሚሠራው። የዋይፋያችሁ ሴቲንግ ውስጥ "ሜተርድ ኮኔክሽን"ን ብታበሩት ዊንዶውስ ትላልቁን ነገር ሳያስፈቅድ ከማውረድ ይቆጠባል።

ምልክት፦ "ዊንኤስኤክስኤስ" ፎልደር ከ10 ጊጋባይት በላይ ያሳያል

አትንኩት። ዊንዶውስ ክፍሎቹን የሚያስቀምጥበት ግምጃ ቤት ነው። የምታዩት ቁጥርም የተጋነነ ነው፤ እዚያ ያለው ፋይል ብዙው በሌላ ፎልደርም የሚታየው ያው ራሱ ፋይል ነው። አንድን ሰው በዓለም ስሙና በክርስትና ስሙ ቆጥሮ ሁለት ሰው እንደማለት ነው። ከውስጡ ፋይል ያጠፋ ሰው ኮምፒውተር ወይ አይነሳም ወይ ከዚያ ወዲያ አፕዴት አይቀበልም።

በሕጋዊ መንገድ ለመቀነስ "ታስክ ስኬጁለር"ን ክፈቱ፤ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ሰርቪሲንግ ውስጥ ግቡና "ስታርት ኮምፖነንት ክሊንአፕ"ን "ራን" በሉት። በዚህ መንገድ ሲሄድ የተተካ ክፍል ቢያንስ 30 ቀን ካልሞላው አይነካም፤ ጥንቃቄው ጥሩ ነው። "ሪሴትቤዝ" የሚባለውን ተጨማሪ ትእዛዝ የሚመክራችሁ ካለ፣ ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት የገቡትን አፕዴቶች መልሶ ማውጣት እንደማይቻል ንገሩት።

ምልክት፦ ኦፊስ አፕዴት አልቀበልም፣ አልጠፋም፣ አልጠገንም ይላል

ይህ "አጽድቻለሁ" ያለ ሰው የሚያመጣው በሽታ ነው። ዊንዶውስ ፎልደር ሥር "ኢንስታለር" የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ። ትልቅ ነው፣ ስሞቹ ትርጉም የላቸውም፣ ስለዚህ ቆሻሻ ይመስላል። ብዙ ፕሮግራሞች ሲጠገኑ፣ ሲታደሱና ሲጠፉ የሚፈልጉት ፋይል እዚያ ነው። ከጠፋ ፋይሎቹን ከባክአፕ መመለስ፣ ያ ካልተገኘ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ለመጫን መታገል ነው። በዩቲዩብ አይታችሁ እዚህ ፎልደር ውስጥ የገባችሁ ሁሉ፣ ውጡ።

በአጭሩ የሚታለፉ

በዶላር ምልክት ጀምረው "ዊንዶውስ" የሚል ስም የሚከተላቸው የተደበቁ ፎልደሮች በሲ ድራይቭ ላይ ካያችሁ የአፕግሬድ ዝግጅት ቅሪት ናቸው፤ ከላይ ያልኩት "ቴምፖራሪ ፋይልስ" ይወስዳቸዋል፤ አፕግሬድ እየሄደ ሳለ ግን አትንኩ።

24ኤች2 በሚባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት ላይ ካጸዳችሁ በኋላም 8.63 ጊጋባይት "አፕዴት ክሊንአፕ" አለ እያለ ከቀረ፣ የቁጥሩ ስህተት ነው፤ ፋይሉ ጠፍቷል።

ከኤፕሪል 2025 አፕዴት በኋላ "አይኔትፐብ" የሚል ባዶ ፎልደር ብቅ ካለ አታጥፉት። ማይክሮሶፍት ለደህንነት ሲል ያስቀመጠው ነው፤ ቦታም አይወስድም።

"ሪዘርቭድ ስቶሬጅ" 7 ጊጋባይት አካባቢ ይዞ ካያችሁ ለሚመጣው አፕዴት የተያዘ ቦታ ነው። ተዉት።

"በአንድ ክሊክ ያጸዳል" የሚባሉ ፕሮግራሞች፣ በተለይ ክራክ የተደረጉት፣ እኔ ጋ ከሚመጡት ጥፋቶች የብዙዎቹ ምንጭ ናቸው። "ቀለል ያለ ዊንዶውስ" ተብሎ በፍላሽ የሚዞረውም እንዲሁ፤ ማን ምን እንደቆረጠለት አይታወቅም፣ አፕዴት ሲመጣ ይወድቃል፣ ከዚያ የከሸፈውን ትርፍራፊ ለማጽዳት ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ቦታ ካልተገኘ ጥፋቱ የአፕዴት አይደለም። ሃይበርኔት ፋይሉን (ኮምፒውተሩ ሃይበርኔት ሲያደርግ ራሙ ላይ ያለውን የሚያስቀምጥበትን) እዩ፤ የራሙን 40 በመቶ ያህል ሊይዝ ይችላል፤ ሃይበርኔትን የማትጠቀሙ ከሆነ ይዘጋል። ከዚያ የሲስተም ሪስቶር ነጥቦች የያዙትን እዩ። ላፕቶፑ 32 ጊጋባይት ብቻ ያለው ርካሽ ዓይነት ከሆነ ግን አትልፉ፤ ዊንዶውስ 11 ራሱ 64 ጊጋባይት ይጠይቃል። ዲስኩ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም፤ ለማጽጃ የምትከፍሉትን አስቀምጡና ሌላ ላፕቶፕ ግዙበት።