ሰኞ ገበያ፣ ማክሰኞ ፈተና

ባቲ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ብዙው ተማሪ ፍየል ሲነዳ ወይ እናቱን ሲያግዝ ይውላል። "ለምን አላጠናህም?" ማለቱን ትቻለሁ፤ አብሮ ማቀድ ይሻላል።

ዓርብ፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው፣ የደብተራቸውን የመጨረሻ ገጽ አስገልጣለሁ። ሰባቱን ቀን ይጽፋሉ። መጀመሪያ ገበያው፣ ውኃ መቅዳቱ፣ መድረሳው ይገባል፤ ጥናት በተረፈው፣ 20 ደቂቃም ብትሆን። "ባዮሎጂ አጠናለሁ" የሚል አልቀበልም። "እሁድ ከመግሪብ በኋላ የሴል ክፍሎችን ሳላይ እስላለሁ" ካለ ይበቃኛል።

ቁም ነገሩ "ሳላይ" የምትለዋ ላይ ነው። ልጆቻችን ማጥናት ማለት ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ይመስላቸዋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳተመው፣ የሸመደድነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው በፍጥነት የሚጠፋው፤ በቀናት ልዩነት መከለስ ግን ያጸናዋል። ስለዚህ ደብተር ዘግተው ያስታወሱትን ባዶ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ከፍተው የጎደለውን በቀይ ይሞላሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ቀዩን ብቻ እንደገና።

ሲወድቁስ? እኛ ወሎዬዎች አይዞህ ለማለት "አብሽር" እንላለን። ደስ ይላል፣ ግን ብቻውን ማርክ አይሆንም። አንዷ ከ20 አራት አምጥታ ወረቀቱን ልትቀደው ስትል ቀማኋት። ከየስህተቱ አጠገብ "አላጠናሁም"፣ "አልገባኝም" ወይም "ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም" ብላ እንድትጽፍ አደረግኳት። ሰባቱ የችኮላ ሆነው ተገኙ። በቀጣዩ ፈተና "ያልሆነው የቱ ነው?" በሚለው ሁሉ "ያልሆነው" ከሚለው ሥር ድርብ መስመር አስምራ ነበር።