ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ዲናሞውን ለኩ

ጠዋት መኪናው አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ቀጥታ ባትሪ ሊገዛ ይሄዳል። እባካችሁ መጀመሪያ ባትሪውንና ዲናሞውን (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ክፍል) ለኩ። ተራ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይበቃል፤ ዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርጉት።

መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሙሉ የሆነ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.2 በታች ከሆነ ቻርጁ ወርዷል። ይህ ብቻውን ግን ባትሪው ሞቷል ማለት አይደለም። በሌላ መኪና ባትሪ በኬብል አስነስታችሁም ቢሆን እንደገና ለኩ። አሁን በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፣ ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ላልቷል። እንዲህ እያለ አዲስ ባትሪ ብትገዙ እሱም ይወርድባችኋል።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ዲናሞውን ለመፈተሽ ብለው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ የሚነቅሉ መካኒኮች አሉ። ቪትዝም ሆነ ሌላ ኮምፒውተር ያለው መኪና ላይ ይህን በፍጹም አትፍቀዱ። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ በድንገት ይዘላል፤ ኮምፒውተሩንም ዲናሞውንም ሊያቃጥል ይችላል። ከባትሪ ብዙ እጥፍ የሚያስወጣ ጉዳት ነው። መልቲሜትር የሌለው ኤሌክትሪሺያን ጋ ባትሄዱ ይሻላል።

የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ሞተሩን አጥፉና ገመዶቹን ፍቱ። በሞቀ ውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ያጸዳዋል። ስትፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ስታስሩ መጨረሻ።