የሃይድሮጂን መኪናና የባትሪ መኪና ስታወዳድሩ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች (ድሬ ላይ ሆናችሁ መኪና ለምታስቡ)

በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ድሬ ላይ ከከዚራ እስከ ሳቢያን መኪና የሚያስብ ሰው ሁሉ ወሬው ኤሌክትሪክ ሆኗል፣ መሆንም አለበት። አሁን አሁን ግን የቶዮታ ሚራይ ቪዲዮ ስልክ ለስልክ እየዞረ "ባትሪውን ተዉት አቦ፣ ሃይድሮጂን ነው የሚያዋጣው" የሚል በዝቷል፣ እና ሰው ብሩን ከማውጣቱ በፊት በደንብ አወዳድሮ ቢገባበት ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። ቶዮታ ራሱ ሁለቱንም ዓይነት ሴዳን ይሰራል፣ ሚራይ በሃይድሮጂን፣ ለቻይና ገበያ የወጣው ቢዚ3 ደግሞ በባትሪ፣ ስለዚህ እነሱን ይዘን እንሂድ።

የመጀመሪያው ስህተት "በውሃ የሚሄድ መኪና" ማለት ነው። በውሃ አይሄድም! ውሃው ከኋላ የሚወጣው ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው የታመቀ ሃይድሮጂን ጋዝ ነው፣ እሱ ፊውል ሴል የሚባለው ውስጥ ገብቶ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ኤሌክትሪኩ ሞተሩን ያዞራል፣ የሚተርፈው ውሃ ነው። ስለዚህ ሚራይም ያው ኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ትንሽ ባትሪም አለው፣ ግን ሶኬት ላይ አይሰካም። ቤቴ ቻርጅ አደርገዋለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ ከአሁኑ ይወቀው።

ሁለተኛው የመሙያ ደቂቃን ብቻ ማየት። እውነት ነው ሚራይ በ5 ደቂቃ ገደማ ይሞላል፣ ባትሪ ግን ፈጣን ቻርጀር ላይ እንኳን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ግን የት ሄዳችሁ ነው የምትሞሉት? አገራችን ውስጥ ሃይድሮጂን የሚሸጥ የመኪና ማደያ የለም፣ ደግሞ በጀሪካን የሚመጣ ነገር አይደለም፣ በ700 ባር ግፊት ነው የሚሞላው፣ እሱም እየሞላ እንዳይግል ማደያው ጋዙን ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ያቀዘቅዘዋል፣ እንዲህ ዓይነት ማሽን በድሬ ሙቀት ማቆም ስንት እንደሚያስወጣ አስቡት። ሃይድሮጂን ማደያ በብዛት አለባት የምትባለው ካሊፎርኒያ እንኳን ሼል በ2024 (በፈረንጆቹ) የትናንሽ መኪና የሃይድሮጂን ማደያዎቹን ዘግቶ ወጥቷል፣ የአንድ ኪሎ ዋጋም እዛ 36 ዶላር ድረስ ወጥቶ ነበር። የሁለተኛው (የአዲሱ) ትውልድ ሚራይ ታንክ 5.6 ኪሎ ይይዛል፣ አንዴ ፉል ሲደረግ 200 ዶላር መሆኑ ነው።

ሶስተኛውና እኔን በጣም የሚያሳስበኝ በርካሽ ዋጋው መጓጓት ነው። አሜሪካ ያገለገለ ሚራይ ከ10 ሺ ዶላር በታች ይገኛል፣ ፎቶው ያምራል፣ ውስጡ ቆዳ ነው፣ ቶዮታ ነው፣ "ኤሌክትሪክም ስለሆነ ይገባል" ይሏችኋል። የረከሰበትን ምክንያት ጠይቁ። እዛ አዲሱ ሲሸጥ ለገዢው 15 ሺ ዶላር የሚያወጣ የነዳጅ ካርድ በነጻ ይሰጠው ነበር፣ ካርዱ ሲያልቅ ባለቤቱ ከኪሱ መክፈል ስለሚጀምር ይሸጠዋል። ሌላው ደግሞ ታንኩ እድሜ አለው፣ ከተሰራ 15 ዓመት ሲሞላው መሙላት ክልክል ነው፣ ቀኑም የመሙያው ክዳን ላይ ተጽፎ አለ፣ የ2016 ሞዴል ከሆነ 2031 አካባቢ ያበቃል ማለት ነው (ሁለቱም በፈረንጆቹ)። ድሬ ሲደርስ ደግሞ እድሜው ባያልቅም የሚሞላበት ስለሌለ ቆሞ ነው የሚቀረው።

ከዛ አንዴ ተሞልቶ የሚሄደው የኪሎሜትር ጉዳይ አለ። የሁለተኛው ትውልድ ሚራይ በአሜሪካው ኢፒኤ መለኪያ 647 ኪሎሜትር፣ ቢዚ3 በቻይናው ሲኤልቲሲ 616 ኪሎሜትር ይባላል፣ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ተቀራራቢ ናቸው" ይላል። አይደሉም፣ የቻይናው መለኪያ በጣም ለጋስ ነው። ለምሳሌ የቢዋይዲ ኩባንያ "ሲል" (Seal) የሚባለው የባትሪ መኪና በሲኤልቲሲ 700 የተባለው በአውሮፓው መለኪያ 570 ነው። እዚህ ላይ ሚራይ በእርግጥም ይበልጣል፣ መካድ አያስፈልግም። ከድሬ አዲስ አበባ ከ450 ኪሎሜትር በላይ ስለሆነ ባትሪ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ቻርጅ የሚያደርግበትን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

"ሃይድሮጂን ንጹህ ነው፣ ከኤሌክትሪክ ይሰራል" የሚለውም ሂሳቡ ሲሰራ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከውሃ ለማውጣት 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይበላል፣ ሚራይ ደግሞ 100 ኪሎሜትር ለመሄድ ወደ 0.9 ኪሎ ይፈልጋል፣ ማመቂያውን ስትጨምሩበት በዛው መብራት የባትሪው ሴዳን ሶስት እጥፍ ያህል መንገድ ይሄዳል። ያውም ዓለም ላይ አሁን የሚሸጠው ሃይድሮጂን አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው የሚወጣው፣ የእኛ መብራት ግን በአብዛኛው ከግድብ ነው።

ደንገጎን መርሳት ደግሞ የእኛ ሰፈር ስህተት ነው። ከሐረር ስትመለሱ ከደንገጎ ወደ ድሬ 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ፣ ኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር አድርጎ ባትሪውን ይሞላል። ሁለት ቶን ለሚጠጋ መኪና ያ ቁልቁለት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ነው፣ ከፊሉ በጎማና በንፋስ ቢሄድም የቀረው ቀላል አይደለም። የአዲሱ ሚራይ ባትሪ በጠቅላላው 1.24 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ቶሎ ይጠግባል፣ ከዛ በኋላ ያለው ትርፍ ከንቱ ይሄዳል፣ የቢዚ3 ባትሪ ግን 65 ድረስ ይይዛል። ብቻ ሐረር ላይ 100% ሞልታችሁ አትነሱ፣ ሙሉ ባትሪ የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ፍሬናችሁ ነው የሚሰቃየው።

እሳት ትፈራላችሁ? ሁለቱንም እሳት ሊይዛቸው ይችላል። ሃይድሮጂን ከአየር 14 እጥፍ ስለሚቀል ሜዳ ላይ ካፈተለከ ወደ ላይ ይበተናል፣ አደገኛ የሚሆነው የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ነው። ባትሪ ደግሞ ከነደደ ለማጥፋት ያስቸግራል፣ ግን ቢዚ3 ያለው የብረት ፎስፌት ባትሪ ከሌሎቹ የሊቲየም ባትሪዎች ይልቅ ሙቀት ይችላል። ቢሆንም ጥላ ስር አቁሙት፣ ከረጅም መንገድ እንደገባችሁ በጠራራ ፀሐይ ፈጣን ቻርጅ አትጀምሩ።

በመጨረሻ ባትሪውን የመረጠም ይሳሳታል፣ የቤቱን መብራት ሳያይ ይገዛል። ተራ ሶኬት ላይ 65 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ከሆነ ግን ሌሊቱን ሞልቶ ያድራል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ የቤቱን ሽቦና ቆጣሪ አስፈትሹ፣ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው አታራግፉት፣ ግማሽ ሲደርስ ሙሉት። የቻይና መኪና የቻርጅ አፉ ከአውሮፓው ይለያል፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩን የቻርጁን አፍ ፎቶ ላክልኝ በሉትና በአካባቢያችሁ ካለው ቻርጀር ጋር አስተያዩት።