«ስለዚህ»ን ከማስረጃው ላይ አውጡልኝ

አሜሪካ ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸውን ሕፃናት መመርመር ራሱን የቻለ ንዑስ ስፔሻሊቲ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ሌላ 3 ዓመት ይማርበታል። የመጀመሪያው የብቃት ፈተናም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ባሕር ዳር ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ፖሊስ ልጅ ይዞ ሲመጣ የሚጠራው ግን ተረኛው ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ገና እየተማረ ያለ ሐኪም ነው። ስለዚህ ለእናንተው ለሬዚደንቶቹ ልጻፍ።

ልብስ ሳታስወልቁ አትመርምሩ። በርዶታል እንዳትሉኝ፣ ባሕር ዳር ናችሁ። ከጆሮው ጀርባም እዩ። ገና ያልዳኸ ልጅ ሰውነቱ በልዞ ካያችሁ «ወድቆ ነው» በሚለው አትለፉት።

የበለዘውን ቀለም አይታችሁ «የ3 ቀን ጉዳት ነው» አትበሉ፤ መርማሪ ፖሊሱ ቢጨቀጭቃችሁም። ቀለም ቀን አይቆጥርም።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። «ክብረ ንጽሕናዋ አልተነካም፤ ስለዚህ አልተደፈረችም።» ለፍርድ ቤት በምንጽፈው የሕክምና ማስረጃ ላይ ስንቴ አነበብኩት! ይቺን «ስለዚህ» ማን ነው የሰጣችሁ? ጥቃት የደረሰባቸው የአብዛኞቹ ልጆች ምርመራ ምንም ጉዳት አያሳይም። ያ የሰውነት ክፍል ቶሎ ይድናል፤ ብዙው ጥቃትም ከመነሻው ምልክት አይተውም። ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግራ፣ ቀበሌና ጣቢያ ዞራ እኛ ጋ የደረሰች ልጅ ደግሞ ሳምንት ሊያልፋት ይችላል። ያቺን አንድ መስመር የተከሳሽ ጠበቃ ችሎት ላይ ጮክ ብሎ ያነባታል። ከዚያ ወዲያ የልጅቷን ቃል ማን ይሰማል? «ጉዳት አልታየም፤ ይህ ግን ጥቃት አልደረሰም ማለት አይደለም» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት መስመር አትሞላም፣ እጃችሁ አይዝልም።

«ነገ ተመለሱ» አትበሉ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ መጀመር ያለበት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።

ልጁን «አባትህ ነው የመታህ?» አትበሉት። «ምን ሆንክ?» በሉና ዝም በሉ። ያላችሁንም በራሱ አፍ ጻፉት።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ኢንተርን ሳለሁ አንድ ሕፃን ወገቡ ሥር ሰማያዊ ምልክት አይቼ እናቱ ላይ አፈጠጥኩባት። «ማን ነው የመታው?» አልኳት፣ ሰው ፊት። አንዲት አንጋፋ ሲስተር ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ ሲወለድም የነበረ ነው። የእኔም ልጅ ነበረው፤ ሲያድግ ጠፋ።» እውነቷን ነው፤ ብዙ ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት ምልክት ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ስመለስ እናትየው ልጇን አዝላ ሄዳለች። ለክትባቱም እኛ ጋ አልተመለሰችም።